ባዶ እጃችንን የሄድንበት ለቅሶ

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 1

ከራባት፣ ከረጂው ድርጅት ተደወለ። የሦስት ዓመቱ እርዳታ ዓመቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከዚያ በኋላ ጤና ቤቱን የሚይዘው የኡላድ ረዙቅ ማዘጋጃ ቤት ነው፣ ከፈለገ። ሰውየው «ከፈለገ» የምትለዋን ቃል ቶሎ ብሎ ዘለላት። አመሰገንኩትና ስልኩን ዘጋሁ። ወረፋ የያዙትን ሴቶች ደም ግፊት ለካሁ።

መናደድ ነበረብኝ መሰለኝ። ምንም አልመጣም።

ምን እንደሚዘጋ ልነግረው ይገባኝ ነበር። ሁለት ክፍል ነው፣ ትልቅ ነገር አይደለም። አንድ ሚዛን፣ አንድ የስኳር መለኪያ፣ ሐሙስ ሐሙስ ትምህርት፣ ጎህ ሲቀድ በመስኖው ቦይ ዳር በእግራቸው የሚሄዱ ሴቶች። ነርሷም ኃላፊዋም ጠራጊዋም እኔ ነኝ። የታመመ አናክምም። ሰው እንዳይታመም ነው የምንለፋው፣ ስለዚህ ምን እንደምንሠራ የሚያይ የለም።

ከገበያ ስመለስ አትክልት ሻጩ በአክብሮት «ላላ» እያለ ከኋላዬ ጮኸ፦ «ላላ ረቂያ! ጫማሽን ጥለሽው ሄድሽ እኮ!» ዞር ስል እውነትም ግራ እግሬ ባዶውን ነው። አስፋልቱ ደግሞ እንደ ምጣድ ግሏል። ሳቁብኝ፣ እኔም ሳቅሁ። ሐሳብ ነው።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 4

ሰው ሁሉ አክብሮ «ሲ» የሚለው ቡዓዛ ዘንድ ሄድኩ። የምክር ቤቱ የበጀት ሰብሳቢ እሱ ነው፤ የስኳር ፋብሪካ የሚገዛውን ሥር ከሚያመርቱት ገበሬዎችም ትልቁ እሱ ነው። እሱ እጁን ካነሳ ሌሎቹም ያነሳሉ።

«ላላ ረቂያ፣ አምቡላንስ ብገዛ ሰው ያየዋል» አለኝ። «ሲጮህም ይሰማዋል። አንቺ ምን ታሳይኛለሽ? ያልታመመ ሰው? ያልታመመ ሰውማ ድሮም ሞልቶናል።»

«ያልታመመ የሚሉት ሊታመም የነበረውን ነው፣ ሲ ቡዓዛ።»

«ሊታመም የነበረ!» ሳቀ። «ሊዘንብ የነበረ ዝናብ ቦይ ይሞላል?»

መልስ ነበረኝ። ቁጥርም ነበረኝ፣ ቦርሳዬ ውስጥ። አላወጣሁትም። ወንበሩን አየሁ። እሱ ራሱ ነው ያዘነልኝ መሰለኝ።

«እናቴ ግን ትወድሻለች» አለ ስነሳ። «ሐጃ ምባርካ ‹ያቺን ልጅ እንዳታስከፋት› ብላኛለች። ለእሷ ስል አየዋለሁ። ኢንሻአላህ።»

ጤና ቤቱን በሐጃ ምባርካ ላይ አንጠልጥለነዋል እንግዲህ። ስኳር ያለባት፣ ዓይኗ የደከመ፣ ሰማንያ የሞላት ሴት።

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 7

ሐጃ ምባርካ ሞተች። ከሱብሒ ሶላት በፊት። አላህ ይማራት።

መጀመሪያ ያሰብኩት በጀቱን ነው። ምን ዓይነት ሰው ሆኛለሁ።

ኢጦ እየሮጠች መጣች። ኢጦ ጤና ቤቱን ስንከፍት በሩን መጀመሪያ የገፋችው ሴት ናት፤ ጥርሷ ወላቃ፣ አፏ ግን የማይዘጋ። «ረቂያ፣ የቃሊቡ ነገርስ? በቃላችን ነን ወይስ አይደለንም?»

ቃሊቡን ረስቼው ነበር። እዚህ አገር ለቅሶ የሚኬደው ቃሊብ ስኳር ተይዞ ነው፣ ያ በወረቀት የተጠቀለለ፣ ሾጣጣ፣ እንደ ድንጋይ የጠጠረ ስኳር። ግድግዳ ጥግ ይከመራል። ክምሩን ያየ ሟቹ ስንት ሰው እንደነበረው ያውቃል። ከዚያ ቤተሰቡ ያን ሁሉ ስኳር ዓመቱን ሙሉ በሻይ ይጠጣዋል። በጸደይ ሴቶቹን ሰብስቤ ቃል ያስገባኋቸው እኔ ነኝ፦ ከእንግዲህ ለሐዘን ቤት ስኳር ሳይሆን ጉልበት፤ ሄደን እንጋግራለን፣ ድስት እናጥባለን። ፖስተርም አሠርቼበታለሁ። ከዚያ ወዲህ ከእኛ ሰፈር ሰው አልሞተም ነበር።

«በቃላችን ነን» አልኳት። ሳላስብ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 9

ሦስተኛው ቀን። ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበርን። እጄ ሳሙና ሳሙና ይሸታል።

ሴቶቹ በሙሉ መጡ። አንዷ እንኳን አልቀረችም፤ አንዷ እንኳን ስኳር አልያዘችም። በቦይ ዳር የሚሄዱት ብቻ አይደሉም፣ ጎረቤቶቻቸውም፣ እህቶቻቸውም። ጥጉ ባዶ ነበር። ከቤኒ መላል የመጡ ዘመዶች ያመጧት ትንሽ ክምር ብቻ ናት ያለችው፣ እሷም የተረፈ ዕቃ ትመስላለች።

ፋጥና፣ የቡዓዛ እህት፣ ጥጉን አየችው። እኛን አየች። ከዚያ ጮኸች።

«እናቴ እንደ ጎዳና ሰው ነው የተቀበረችው! ስንቱን ሲድሩ፣ ስንቱን ሲቀብሩ ቃሊብ ተሸክማ የደረሰችላቸው ሴት! ዛሬ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እጁን እያወዛወዘ ገባ! እሷ ምን አድርጋችሁ ነበር?»

ማን እንደሚመልስ ሁሉም ያውቃል። እኔ ነበርኩ መመለስ ያለብኝ። ኢጦ ናት የመለሰችው።

«ላላ ፋጥና፣ ሆድ አይባስሽ። እናትሽን የወሰዳት ስኳር ነው። በገደላት ነገር እናልቅስላት?»

ወላሂ፣ ከወንዶቹ ክፍል የቁርኣኑ ድምፅ ራሱ የቆመ መሰለኝ። ሲ ቡዓዛ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ኢጦን አያት። ከዚያ እኔን ፈለገ።

እኔ ትልቁን ድስት እየፈተግኩ ነበር። ቀና አላልኩም።

አሁን ተኝቼ ሳስበው አንድ ነገር አለ፣ ለማንም የማይነገር። ሦስት ዓመት ሙሉ ካስተማርኩት ጠብ ያለ ነገር እንዳለ አላውቅም ነበር። ዛሬ በዓይኔ አየሁ። ያ ባዶ ጥግ የእኔ ሥራ ነው። ሠርቷል።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 10

ሲ ቡዓዛ ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቅ ነበር። ነገ።

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 18

የዛሬው ትምህርት ስለ እግር ነበር። «ስኳር እግርን ያደነዝዛል» አልኳቸው። «ማታ ማታ መስታወት ይዛችሁ የእግራችሁን ሥር እዩ። የሚያመውን ቁስል አትፍሩ፣ የማያመውን ፍሩ።» ጥሩ አድርጌ አስተማርኩ። ኢጦ መስታወቱን ይዛ የሁሉንም እግር እየዞረች አየች፤ «የአንቺ ተረከዝ የቡዓዛ እርሻ ይመስላል፣ ተሰነጣጥቋል» እያለች አሳቀቻቸው።

ቤት ስገባ ደክሞኝ ስለነበር ካልሲዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 23

የኢጦ ባል ሞሐ የቡዓዛን መሬት ለእኩል ያርስ ነበር። አሥር ዓመት አልፎታል። ትናንት «ዘንድሮ ለሌላ ሰጥቼዋለሁ» ተባለ። ለምን የሚል የለም፣ ለምኑ ይታወቃል።

ኢጦ ጠዋት ቦይ ዳር መጣች። ከሁላችንም ቀድማ።

«ቤት ምን ይባላል?» አልኳት።

«ሞሐ ‹አፍሽን ብትሰፊው መሬታችን ላይ ነበርን› ይላል። እኔ ደግሞ ‹የተቆረጠብኝ መሬት ነው፣ እግር አይደለም› አልኩት። ምን ያድርግ፣ ሳቀ።» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «ከወይራው ለቀማ በኋላ ግን ምን እንደምንበላ እንጃ፣ ረቂያ።»

«እኔ አነጋግረዋለሁ» አልኳት።

«ታነጋግሪዋለሽ?»

«ነገ።»

ሐሙስ፣ ሴፕቴምበር 25

አልሄድኩም። ራስ ምታት።

ሰኞ፣ ሴፕቴምበር 29

ዳቦ ጋጋሪው ቤት፣ ከመጋረጃው ወዲያ፦

«ያቺ ነርስ እንዴት ከስታለች!»

«የሐጃ ምባርካ እንባ ነው። ወላሂ ዝም አይልም።»

«ውሃ ስትጠጣስ አይታችኋታል? ግመል ናት እኮ! ጠርሙሷን ሳትይዝ አትወጣም።»

ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ሙቀቱ ነው። በዚህ ሙቀት ውሃ የማይጠጣ ማን አለ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 2

የማዘጋጃ ቤቱ ፕሬዚዳንት ኮሪደር ላይ ያዘኝ። ሰው እንዳይሰማው ግራ ቀኝ አየ።

«ድምፅ የሚሰጠው ሰኞ፣ በሃያ ነው። አጀንዳው ላይ አምቡላንስ አለ፣ አንቺ አለሽ። ሁለቱ አይሆንም። ሁሉም የሚያየው ቡዓዛን ነው።»

«የቡዓዛ ነገርማ አለቀ።»

«አላለቀም። የእናቱ አርባ ገና አልደረሰም። አሥራ ስድስት ነው፣ ሐሙስ። ሂጂ። ታረቂው። እንዴት እንደሚታረቅ ደግሞ እኔ አልነግርሽም፣ የዚህ አገር ልጅ ነሽ።»

ገባኝ። ያልገባኝ መስዬ ቆምኩ።

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 11

እንቅልፍ የለም። በየሰዓቱ ሽንት ቤት እመላለሳለሁ፣ ሌሊቱ በዚያ ያልቃል።

እስቲ በቀጥታ ልጻፈው። ጤና ቤቱ ከተዘጋ የቦዩ ዳር መንገድም ይቀራል። በየቤቱ ስኳሩ ሳይታወቅ ይቆያል፣ ሲታወቅ ዓይን ሄዷል፣ ኩላሊት ሄዷል። አምቡላንሱ ያኔ ይመጣል፣ እየጮኸ፣ ሰውም ያየዋል። ይህን ሁሉ ለማዳን የሚያስፈልገው አንድ ሴት ሁለት ቃሊብ ተሸክማ አንድ መንገድ መሄዷ ነው። ሒሳቡ ቀላል ነው። ማንም የጤና ሰው ቢጠየቅ ሂጂ ይለኛል።

ታዲያ ለምን ለኢጦ አልነገርኳትም? በየቀኑ አገኛታለሁ።

ሌላም አለ። ባለፈው ክረምት ሐጃ ምባርካን ቤቷ ሄጄ ስለካት እጄን ይዛ «ረቂያ ልጄ፣ ተይ ካልሽኝ እተዋለሁ፣ ሻዬን መራራ እጠጣለሁ። ስሞት ግን ቃሊቡ ይምጣልኝ፣ እሺ?» ብላኝ ነበር። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ለሴቶቹ አልነገርኳቸውም። ቀልድ ነበር እንዴ? ፊቷን ለማስታወስ ሞከርኩ፣ የሚመጣልኝ እጇ ብቻ ነው።

ለሐጃ ምባርካ ማዘን እፈልጋለሁ። ለኢጦም። ሐዘኑ ሊኖርበት በሚገባው ቦታ የሚሰማኝ ነገር የለም፤ ጥርስ ሲነቀል መርፌው እንዳለፈበት ድድ ነው።

ጠዋት ሴቶቹን በሙሉ ለካሁ። አንዷ «አንቺስ?» አለችኝ። «የመለኪያው ወረቀት ለእናንተም አልበቃ» አልኳት።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ወሰድኩ።

ባለ ሱቁ «ምን ልስጥሽ?» አለ። «ሁለት።» «ሁለት ምን?» «ሁለት ቃሊብ።» እንደገና ጠየቀኝ። ከጀርባው ያ ፖስተሬ ተለጥፏል፣ ጫፉ ተገንጥሏል።

ከረጢት ውስጥ ልጨምረው እችል ነበር። ከተደበቀ ግን አይቆጠርም፣ ነገሩ መታየቱ ነው። በደረቴ አቅፌ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሰው ሁሉ ደጅ ነው። አትክልት ሻጩ ሊያሾፍ አፉን ከፈተና ተወው። ዳቦ ጋጋሪው በር ላይ ኢጦ የዳቦ ሳንቃዋን ራሷ ላይ አድርጋ ቆማለች። አየችኝ። ያቀፍኩትን አየች።

ኢጦ ምንም አላለችም። በሕይወቴ ኢጦ ምንም ሳትል ያየሁት ዛሬ ነው።

ሲ ቡዓዛ ራሱ ነው በሩን የከፈተው። ቃሊቦቹን ከእጄ ተቀብሎ ለፋጥና አልሰጣትም፤ ይዞ ገብቶ በእናቱ አልጋ ላይ አስቀመጣቸው። ሲመለስ ዓይኑ ቀልቷል። «ሰው የረሳት መስሎኝ ነበር» አለ። «ሌሊት ሌሊት የማስበው ያንን ነው። ያ ሁሉ ሰው ገብቶ ያ ጥግ ባዶ መሆኑ።» ያን ትልቅ ሰው ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ለአንድ ወር ጠላት አድርጌ ይዤው ነበር፤ እናቱ የሞተችበት ልጅ ነው እንጂ ሌላ ምንም አይደለም።

ሻይ ቀዳልኝ። ጠጣሁ። ሁለተኛውን ቀዳ፣ ጠጣሁ። «አሁን እንደ ሰው መጣሽ፣ ላላ ረቂያ» አለኝ፣ በጥሩ ልብ ነው ያለው። ስለ ሞሐ መሬት ልጠይቀው ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት። ሦስተኛውን ጠጣሁ። የሰው ሐዘን ላይ የመሬት ነገር አይነሳም ብዬ ተውኩት። አሁን ሳስበው ሰበብ ነው። ፈርቼ ነው።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 20

አለፈ። ለሁለት ዓመት። አምቡላንሱ ለሚቀጥለው በጀት ተላለፈ። ሲ ቡዓዛ ተነስቶ «ላላ ረቂያ የእኛ ልጅ ናት፣ ባህላችንን ታከብራለች» ብሎ መጀመሪያ እጁን አነሳ። ሁሉም ተከተለው። አጨበጨቡ። ፕሬዚዳንቱ «ምነው ደስ አይልሽም?» አለኝ። ደስ ብሎኛል አልኩት።

ቤት ገብቼ ደስታዬን ፈለግሁት። ምናልባት ነገ።

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 22

ጎህ ሲቀድ ቦይ ዳር። ማንም የለም። ቅዝቃዜው ይሆናል ብዬ እስከ ድልድዩ ብቻዬን ሄጄ ተመለስኩ። ጠዋት ከሴቶቹ ሁለቱን ቤታቸው በር ላይ አገኘኋቸው። «ልጄ አሟት ነው» አለች አንዷ። ሌላዋ ሰበብም አልፈለገችልኝ። «አንቺ ስትይ ተውን፤ አንቺ ስትወስጂ አየን። አሁን ምን እንድናደርግ ነው?» አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 24

ኢጦ መጣች። ሰላምታ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጣ ጣቷን ዘረጋች።

«ለኪኝ። ሥራሽ አይደል? ደግሞ አሁን ማዘጋጃው ይከፍልሻል።»

ለካኋት። መምጣት ከጀመረች ወዲህ ስኳሯ እንዲህ ጥሩ ሆኖ አያውቅም።

«ጥሩ ነው፣ ኢጦ። በጣም ጥሩ ነው።»

«እንግዲያ ጻፊው። ታሳያቸዋለሽ።»

«ያን ያደረግኩት ቤቱ እንዳይዘጋ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሞኝ መሰልኩሽ?» ድምጿን አልጨመረችም፣ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። «ቀድመሽ ብትነግሪኝ ስኳሩን እኔው ተሸክሜ አብሬሽ እሄድ ነበር። እኔን በለቅሶው ቤት ለፋጥና አጋፍጠሽኝ ቀረሽ፤ ቡዓዛ ባሌን ከመሬቱ አስወጣው። አንቺ ጊዜሽን ጠብቀሽ ብቻሽን ገባሽ። አንድ ቃል ልትነግሪኝ እንኳን አላሰብሽም።»

ውሃ ልጠጣ ተነሳሁ። ስዞር ወለሉን እያየች ነው። ከወንበሬ እስከ ውሃው ድረስ የረጠበ ምልክት አለ፣ ግራ እግሬ በረገጠበት ሁሉ። ካልሲዬ ከቁስል በወጣ ፈሳሽ ርሷል። እኔ አላወቅሁም ነበር።

«ጣትሽን» አለች።

«ምን?»

«ጣትሽን ስጪኝ አልኩሽ፣ ረቂያ።»

እንዳስተማርኳት አድርጋ ወጋችኝ። መለኪያው ቁጥር አልሰጠም። ቁጥር የማይሰጠው ከአቅሙ ሲያልፍ እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፣ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።

«ይቅር አልልሽም» አለች። መሬት ላይ ተንበርክካ ካልሲዬን ትጎትት ጀመር። «እግርሽን ግን አሳዪኝ።»

ሰኞ፣ ኖቬምበር 3

ከቤኒ መላል ሆስፒታል ትናንት ተመለስኩ። የግራ እግሬን ትንሿን ጣት እዚያ ትቻት ነው የመጣሁት። «ነርስ ሆነሽ!» አለኝ ሐኪሙ። ሌላ ምን ይበል።

ሲ ቡዓዛ እዚያው ድረስ መጥቶ ጠይቆኛል። በመጨረሻ ስለ ሞሐ ነገርኩት። አንገቱን ደፋ። «ተዘራ እኮ፣ ላላ ረቂያ» አለ። «በሴፕቴምበር ብትነግሪኝ ለሌላ አላሳልፈውም ነበር።» እውነቱን ይመስለኛል።

መራመድ ተከልክያለሁ። ጠዋት በመስኮቱ ቦዩን ሳይ ሴቶቹ መጡ። በሙሉ። ኢጦ ከፊት ናት፣ አንዱን ነገር እያወራች ታስቃቸዋለች፣ ሳቃቸው እስከዚህ ይሰማል። ማንም አልጠራቸውም፤ እሷ ናት በየቤቱ ዞራ የሰበሰበቻቸው። ይህን ነበር የፈለግሁት፣ እኔ ሳልኖር የሚሄድ ነገር። እጄን አነሳሁ። በመስኮቴ ሥር ሲያልፉ አንዷም ቀና ብላ አላየችኝም።

ሐኪሙ እግሬን እየጫነ «ያምሻል?» ሲለኝ «አያመኝም» ነበር ያልኩት፣ እውነቴን። ይህ ግን አመመኝ። እስከ ማታ ድረስ አመመኝ።